ከቦትል ብራሹ ሥር የተገኘው ሽማግሌ

አልዊን ጋድ በቤቱ ጓሮ፣ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ያለ ቀይ አበባ ከሚያወጣው ትልቅ ቦትል ብራሽ ዛፍ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። የመከርከሚያ መቀሱ ቀኝ መዳፉ ላይ ነው። መሰላሉ አጠገቡ በጎኑ ተጋድሟል። ደረቱና እግሩ ላይ የተከረከመ ቅርንጫፍ ተበትኖበታል። ሰው ሞተ ቀረ ደንታ የሌላቸው በቀቀኖች ደግሞ ከአናቱ በላይ ቀዩን አበባ እየላሱ ይንጫጫሉ።

ሳጅን ኖላ ቢድል የደረሰችው ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከወረዳው ከተማ እስከ ትንሿ ቢንዲዋራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነድታለች፤ በዚያ በደቡቡ አገር ኅዳር የሐሩር ወር ነው። የመኪናዋ ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ሦስት ሳምንቱ፣ ጉልበቷ ከተበላሸ ስድስት ዓመቱ ነው። ለጡረታዋ ሰባት ወር ይቀራታል፤ ሬሳ ማየት የሰለቻት ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

«ነገሩ ያለቀለት ነው፣ አለቃ» አላት ኮንስታብል ዴስ፣ የከተማዋ ብቸኛ ፖሊስ። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። «ሽማግሌው ሊከረክም ወጣ፤ መሰላሉ ከዳው፤ ወደቀ። ማያያዣው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ ነው፤ ይኸው እይው። መሰላሉ የአትክልተኛው ነው። ቴቪታ ይባላል፤ የቶንጋ ሰው።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«የኋላ ጭንቅላቱ ተሰብሯል አለ። ሰዓቱን ግን በዚህ ሙቀት በትክክል አላውቅም፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀትር ባለው ነው አለ። እኔ ወረቀቱን ጀምሬዋለሁ። በአትክልተኛው ቸልተኝነት የደረሰ አደጋ ብዬ።»

«አትክልተኛውስ?»

«አጥሩ ጋ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። የሥራ ፈቃዱ የሚታደሰው ሰኞ ነበር። ይቺ ወረቀት ከወጣች ማን ያድስለታል? በሳምንት ውስጥ ተባርሮ ደሴቱ ቶንጋ ላይ ነው። ሚስቱ ደግሞ ስምንት ወሯ ነው፤ እዚሁ ነው የምትወልደው ብለው ነበር።» ዴስ ላቡን ጠረገ። «ምን ታዪኛለሽ? ሽቦውን ያሰርኩት እኔ አይደለሁም!»

«አላየሁህም ዴስ። ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጌ ነው።»

ጉልበቷን እየረገመች ተንበረከከች። ዙሪያው በአዲስ የእንጨት ፍርፋሪ ተሸፍኗል፤ ሥሩ እርጥበት እንዲይዝ ሰዎች የሚያነጥፉት ዓይነት። ውፍረቱ አራት ጣት ይሆናል። እጇን ብትጭነው እንደ ፍራሽ ሰመጠ። መዳፏን አንሥታ የሽማግሌውን ጭንቅላት አየች፤ እንደገና ፍርፋሪውን አየች። አንድ ጊዜ ብቻ በረጅሙ ተነፈሰች።

«መሰላሉን አንሣና የነበረበት አቁመው።»

«የት እንደነበረ በምን አውቃለሁ?»

«እግሩ ፍርፋሪው ላይ የተወው ጉድጓድ አለ አይደል? እዚያ።»

ዴስ ጎንበስ ብሎ ዞረ። ጉድጓድ የለም። አንድም የለም። ኖላ መሰላሉን ራሷ አቁማ የታችኛው እርከን ላይ አንድ እግሯን ብትጭን አራቱም እግሮች ሰመጡ። ወርዳ ስታነሣው አራት ጥርት ያሉ ጉድጓዶች ቀሩ።

ከዚያ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ አነሣች። አብዛኞቹ ላይ ያለው አበባ ደርቆ ግራጫ ሆኗል። ከአበባው በታች፣ ያለፉት ዓመታት ፍሬዎች እንደ ዶቃ እንጨቱን ከበውት ይታያሉ። ፍሬዎቹ አፋቸውን ከፍተዋል። ቅርንጫፉን ብታራግፈው እንደ ሱረት ያለ ደቃቅ ቡናማ ብናኝ መዳፏ ላይ ፈሰሰ። በሽማግሌው ሱሪ ላይም እንዲሁ ያለ ብናኝ አለ። ሦስት ቅርንጫፎች ብቻ ገና ቀይ አበባ ይዘዋል። የእነዚህን ፍሬ በጥፍሯ ብትሞክረው ድንጋይ ነው፤ አይከፈትም።

ቀና ብላ ተክሉን አየችው። ሦስት አዲስ ቁርጦች አሉ፤ ሦስቱም ቆሞ ለሚቆርጥ ሰው በወገብ ልክ ላይ። ከዚያ በላይ መቀስ የነካው ነገር የለም። ላዩ ሁሉ ቀይ አበባና በቀቀን ነው።

«ወረቀትህን እጠፋት ዴስ» አለችው።

ወደ ቤቱ ስትሄድ የኋላው በር ሲሚንቶ ደረጃ ላይ ቆመች። ሦስት እርከን ነው። ሁለቱ በድርቁ አቧራ ነጭ ሆነዋል። የታችኛው ግን ንጹሕ ነው፤ ጠርዙ ሳይቀር ታጥቧል።

መጀመሪያ ቴቪታ ጋ ሄደች። ግዙፍ ሰው ነው፤ ትከሻው የበር ስፋት አለው፤ ሲያለቅስ ግን ድምፅ አያሰማም።

«መሰላሉ የኔ ነው እመቤቴ» አለ ሳትጠይቀው። «ሽቦውንም ያሰርኩት እኔ ነኝ። አልክድም። ሌላ ልገዛ ነበር። ነበር ምን ይሠራል!»

«ለምን እዚህ ተውከው?»

«በሳምንቱ እመለሳለሁ ብዬ ከዕቃ መጋዘኑ ጎን አስደግፌው ሄድኩ። ሰኞ መንገድ ዳር ያሉትን አራቱን ቦትል ብራሾች ከረከምኩ። እነሱ ቀድመው ነው የሚያብቡት፤ አልቆላቸዋል። ይቺን ትልቋን ግን እሳቸው አያስነኩም። ‹ወፎቹ በልተው ሳይጨርሱ መቀስ ይዘህ ብትጠጋት የምከረክመው እጅህን ነው!› ይሉኛል።» ትንሽ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ጠፋበት። «ክፉ አፍ ነበራቸው። ሥራውን ግን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«ምን አስተማሩህ?»

«አበባው እንደደረቀ፣ ሳይውል ሳያድር፣ ከደረቀው አበባ ትንሽ ዝቅ ብሎ መቁረጥ። ወደ ታች ራቁት እንጨቱ ድረስ ከተወረደ አያቆጠቁጥም፤ ጉቶ ሆኖ ይቀራል። ክረምት ላይ ከተቆረጠ ደግሞ የሚመጣውን አበባ ነው የጣሉት። መጀመሪያ እንደ ጽጌረዳ አድርጌ ብቆርጥባቸው ሁለት ቀን አላናገሩኝም።»

«የሰኞውን ቅርንጫፍ የት ጣልከው?»

«የፊት በሩ ጋ ያለው ባለ አረንጓዴ ክዳኑ የጥራጊ በርሜል ውስጥ። በእግሬ ረግጬው እንኳ ክዳኑ አልገጥም አለ። አፉን እንደከፈተ ተውኩት።» ዓይኑን ጠረገ። «እመቤቴ፣ ሰኞ ምን ብዬ ልቅረብ? ሚስቴ በስልክ ስነግራት ሻንጣችንን ላውርድ ብቻ ነው ያለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።»

«እስከ ነገ ለማንም ምንም አትናገር» አለችው ኖላ። ሌላ ቃል ልትሰጠው አልፈለገችም፤ የማትጠብቀውን ቃል ሰጥታ የምታውቃቸው ሰዎች በዝተውባታል።

የሟቹ ልጅ ሎሬይን ወጥ ቤት ነበረች። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስታያት ሰባ ትላታለህ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ አባቷን ብቻዋን ስታስታምም አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ወንድሟ ሩቅ ፐርዝ ከተማ ነው፤ ለገና ካርድ ይልካል። ሻይ ቀዳች፣ ብስኩት በሰሐን አስቀመጠች፣ ተቀመጠች፤ ስኳር ልታማስል ማንኪያ እንዳነሣች ዓይኗ ተከደነ።

«ሎሬይን?»

«አለሁ። ምን አልሽኝ?»

«ጠዋቱን ንገሪኝ።»

«ምን አለው የሚነገር? ቁርሱን አበላሁት። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ክለብ ሄድኩ፤ ሐሙስ ሐሙስ ለሽማግሌዎቹ ሳንድዊች የምሠራው እኔ ነኝ። ስወጣ ትልቋን ቦትል ብራሽ ልከረክማት ነው ብሎ መቀሱን ይዞ ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል ስመለስ ከሥሯ አገኘሁት። ለዴስ ደወልኩ። ይኸው ነው።»

«መሰላል ላይ እንዳይወጣ አልነገርሽውም?»

ሎሬይን በአፍንጫዋ ሳቀች። «ነግሬው ሰምቶኝ የሚያውቅ ይመስልሻል?»

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሰማያዊ ሻንጣ ቆማለች። ኖላ በአገጯ አመለከተቻት።

«ባሕር ማዶ ታዝማኒያ ጓደኛ አለችኝ» አለች ሎሬይን። «ነገ ልሄድ ነበር። ሁለት ሳምንት። እስክመለስ የሚያርፍበት አልጋ በአረጋውያኑ ማረፊያ ይዤለት ነበር። ተሰርዟል።»

«መቼ?»

ማንኪያዋ ቆመ። «ሞቷል እኮ፣ ሳጅን። ማን ሊተኛበት ነው?»

ኖላ ሻይዋን እስከ አተላው ጠጣች። ስትወጣ መኪናዋ ውስጥ ሆና ለማረፊያ ቤቱ ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ሴት ብዙም አላስጨነቀቻትም። «አቶ ጋድ? ኧረ እኔው ነኝ ያነጋገርኳቸው። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ራሳቸው ደውለው ሰረዙት። ጆሮዬን ሊበጥሱት ነበር!»

ከአጥሩ ማዶ ሆሪ ስኔደን የሚባል ጎረቤት አለ፤ ጡረተኛ ነው። ሥራው ጎረቤትን መጠበቅ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃት ነበር።

«እኔን መጠየቂያሽ መቼ ነው?»

«አሁን። ከጋድ ጋር ትስማማላችሁ?»

«ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። የዚያች ዛፍ ተብዬ ሥር የቆሻሻ ውሃ ቧንቧዬን ሁለት ጊዜ ሰንጥቆታል! ንቀልልኝ ብለው ቧንቧህን ንቀል አለኝ። ግን አልገደልኩትም። ብገድለው ያኔ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ምን አየህ?»

«ምንም።» መልሱ ፈጠነ።

«ምን ሰማህስ?»

እዚህ ላይ ሆሪ ፊቱ በራ። «ውሃ! ልክ ሦስት ሰዓት ላይ የጎማ ውሃ ይፈሳል። ሐሙስ ቀን! የእነሱ ቤት ቁጥር ጎዶሎ ነው፤ ውሃ የሚፈቀድላቸው ረቡዕና እሑድ ነው። ያውም ለተክል! ይሄ ደግሞ ሲሚንቶ ላይ ሲንፏፏ ይሰማኛል። በዚህ ድርቅ! ለማመልከት ጽፌዋለሁ፤ ላምጣልሽ?»

«ኋላ። ሌላ የምትነግረኝ የለም?»

«ምን ይኖራል?» አለና ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ።

ኖላ ዋሸኝ አለች በልቧ። ነገር ግን የገደለ ሰው ውሸት አልመሰላትም፤ ከማድ ቤት ስኳር የሰረቀ ሰው ውሸት ነው የመሰላት።

ያን ቀን ያደረችው ፍራሹ መሐሉ የሰመጠ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት የጋድ ቤት በር ላይ ነበረች። በመንገዱ ሁሉ ባለ አረንጓዴ ክዳን በርሜሎች ተሰልፈዋል፤ የአትክልት ጥራጊ የሚነሣው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ነው። መኪናው እያጓራ መጣ። ኖላ የጋድን በርሜል በጀርባዋ ተደግፋ ቆመች።

ሹፌሩ አንገቱን አወጣ። «እመቤት! ከበርሜሉ ጋር ተዋድዳችሁ ነው? ዞር በይልኛ!»

«ፖሊስ ነኝ። ይሄን እለፈው።»

«ፖሊስ! ሰው ገብቶበት ነው እንዴ?» እየሳቀ አለፈ።

የሆሪ በር ተበርግዶ ተከፈተ። በፒጃማው ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ኖላ ክዳኑን አነሣች። ላዩ አረንጓዴ ሣር ነው። ገልጣ ብታየው ከሥሩ የቦትል ብራሽ ቅርንጫፍ አለ፤ እስከ በርሜሉ ግማሽ ብቻ።

«ሆሪ፣ ጋድ ቤት ሣር አለ?»

«የለም።»

«በዚህ መንገድ ላይ አረንጓዴ ሣር ያለው ማን ነው?»

ሆሪ ፒጃማውን በእጁ ጨብጦ ቆመ። «እሺ! የኔ ነው! የኔ በርሜል ሞልቶ ነበር። በሰው በርሜል መጣል ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ሌሎቹን ስንት ጊዜ ከስሻለሁ! አሁን ይሄ ከወጣ በዚህ መንገድ ላይ ቀና ብዬ አልሄድም።»

«መቼ ጣልከው?»

«ትናንት አራት ሰዓት ላይ። ሎሬይን የአራት ሰዓት ዜና አታመልጣትም፤ ሬዲዮው እስኪጮህ ጠብቄ ነው ሹልክ ያልኩት። ሰኞ ሞልቶ አፉን ከፍቶ ያየሁት በርሜል ግማሽ ሆኖ ሳገኘው ደስታዬን…»

«አራት ሰዓት ለመሆኑ ትምላለህ?»

«ዜናው ሲጀምር ሰምቻለሁ እላለሁ እኮ!»

ኖላ ክዳኑን ቀስ ብላ ከደነችው። ሆሪ እንዲህ ያለ ኃጢአት ሲሠራ ተይዞ እንድትቆጣው ይጠብቅ ነበር። እሷ ግን ከማዘን በቀር ጉልበት አልነበራትም፤ ያዘነችውም ለእሱ አልነበረም።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም በጋድ የኋላ በረንዳ ሰበሰበቻቸው። ሎሬይን ወንበር ላይ፣ ሆሪ ከእሷ ራቅ ብሎ፣ ቴቪታ ቆሞ፣ ዴስ በሩ ላይ። ኖላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ከዚያ በላይ አልቻለም።

«ሻይ ላፍላ?» አለች ሎሬይን።

«ቁጭ በይ። ለአንድ ቀን ቁጭ በይ።» ኖላ ባርኔጣዋን አወለቀች። «ከመሰላሉ ልጀምር፤ የዚህ ሰው ኑሮ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ያ መሰላል ሰኞ በመጋዘኑ ጎን ቀርቷል። ትናንት ሰው ተሸክሞ ወስዶ አጋድሞታል። ማንም ግን አልወጣበትም። ቢወጣበት ኖሮ እግሩ ፍርፋሪው ውስጥ ይሰምጥ ነበር። እኔ በአንድ እግሬ አሰመጥኩት። ጋድ ዘጠና ኪሎ ነው። ስለዚህ ሽቦው ቢበጠስ፣ ባይበጠስ፣ ወርቅ ቢሆን፣ ለዚህ ሞት ምንም ምን አይደለም።»

ቴቪታ የበረንዳውን ምሰሶ ያዘ።

«ሁለተኛ፣ ጭንቅላቱ ተሰብሯል። ከሥሩ ያለው ፍራሽ የመሰለ ፍርፋሪ ነው። እዚያ ላይ እንቁላል አይሰበርም። የወደቀው ሌላ ቦታ፣ ጠንካራ ነገር ላይ ነው።»

«ግን ሲከረክም ነበር እኮ!» አለ ሆሪ። «ቅርንጫፉ ላዩ ላይ ነበር፤ ዴስ ነግሮኛል።»

ዴስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሲከረክም አልነበረም። ወፎቹ አሁንም እየበሉ ነው፤ ይኸው ስሟቸው። ጋድ አበባ ላይ ያለችን ቦትል ብራሽ በመቀስ ነክቶ አያውቅም። ላዩ ላይ የነበረው ቅርንጫፍ ደግሞ ከእሷ የመጣ አይደለም፤ አበባው የደረቀ ነው። ተመልከቱ።» ከኪሷ ሁለት ቅርንጫፍ አወጣች። «ይህ ፍሬ ቅርንጫፉ በሕይወት እስካለ አይከፈትም። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ተቆልፎ ይቀመጣል። የሚከፈተው ቅርንጫፉ ሲሞት ነው፤ እሱም በአንድ ጀንበር አይደለም፣ ሁለት ሦስት ቀን ሙቀት ካገኘ ነው። እናቴ ችግኝ የምታፈላው እንዲህ እያደረቀችው ነበር። ይሄ በሬሳው ላይ የነበረ ነው፤ አፉን ከፍቶ ዘሩን አፍስሷል። ይሄ ደግሞ ትናንት ለማስመሰል በወገብ ቁመት ከተቆረጡት ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ዝግ ነው። እንግዲህ ያኛው የሰኞ ነው። ቴቪታ ቆርጦ በርሜል ውስጥ ረግጦት ሦስት ቀን ሲጋገር የሰነበተ።»

«ከበርሜሉ ማን አወጣው?» አለ ዴስ።

«ሰዓቱ ይነግርሃል። ሆሪ አራት ሰዓት ላይ በርሜሉን ሲከፍት ግማሽ ነበር። ምን ይሠራ እንደነበር አያሳስባችሁም።» ሆሪ በምስጋና አያት። «ሎሬይን ግን አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ አባቴ በሕይወት ነበር ብላለች። ከሞተ በኋላ የሚለብሰው ቅርንጫፍ ከመሞቱ በፊት ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው? አይደለም። አራት ሰዓት ላይ ሞቶ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይም ሞቶ ነበር፤ ምክንያቱም ሦስት ሰዓት ላይ ይቺ የተቀመጥኩባት ደረጃ በጎማ ውሃ እየታጠበች ነበር። በሐሙስ፣ ለዚህ ቤት ውሃ በማይፈቀድበት ቀን። ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ግን በሕይወት ነበር። ስልክ ደውሎ አልጋውን ሰርዟል። በሁለቱ መካከል እዚህ ቤት ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ሎሬይን የቀሚሷን ጠርዝ ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆየች።

«ስልኩን ዘጋና ‹ሻንጣሽን ፍቺ› አለኝ» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ የገበያ ዕቃ እንደምትቆጥር ሴት ነበር። «ለሁለት ሳምንት ነው አልኩት። ‹የትም አትሄጂም፤ እንቁላሌ ቀዝቅዟል› አለኝ። ላሞቅለት ሰሐኑን አነሣሁ። እዚያ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰሐኑን አስቀመጥኩና ገፋሁት። አንድ ጊዜ። ከባድ ሰው ነው፤ እንዲህ በቀላሉ ይወድቃል ብዬ አላሰብኩም።»

«ለምን እርዳታ አልጠራሽም?»

«አሥራ አንድ ዓመት ትንፋሹን ሳዳምጥ ነው የኖርኩት፣ ሳጅን። ሲቆም አውቀዋለሁ።» ቀና አለች። «ከዚያ ቤቱ ዝም አለ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እና… እንቅልፍ ወሰደኝ። አጠገቡ። ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ከእንቅልፌ ስነቃ ነው የፈራሁት። በእጅ ጋሪው አድርጌ ወሰድኩት፤ የጋሪውን ዱካ በእግሬ ደለደልኩ፤ ደረጃውን አጠብኩ። ሲከረክም ዕድሜዬን ሙሉ በመስኮት አየሁት እኮ፤ የሚመስለውን አውቃለሁ ብዬ ነበር። መቀሱን ግን አንድ ቀን እንኳ አስይዞኝ አያውቅም።»

«እኔስ?» አለ ቴቪታ። በረንዳው ላይ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«መሰላሉ የማን እንደሆነ አላሰብኩም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። «ዴስ ስምህን ሲጠራ ነው ያሰብኩት። ያኔ ደግሞ ዝም አልኩ።»

ዴስ ካቴናውን ከቀበቶው ሊፈታ ሲታገል ኖላ በዓይኗ ከለከለችው። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ወንጀለኛ ስታገኝ ደስ ያላት ጊዜ ነበር፤ መቼ እንደነበር ረስታዋለች። ይቺን ሴት ልትተዋት ብትፈልግ እንኳ ዋጋውን የሚከፍለው ምሰሶ ይዞ የቆመው ሰው ነው። ስለዚህ ተነሣች።

መጀመሪያ ስልክ አነሣች። የቴቪታን የሥራ ፈቃድ የሚያድሰውን ቢሮ ለማግኘት አራት ጊዜ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል አዘዋወሯት። «አዎ፣ እጠብቃለሁ» እያለች በአንድ እግሯ ቆማ ጠበቀች። በመጨረሻ ሰው አገኘች። «በሞቱ እጁ የለበትም፤ ጥፋትም የለበትም። ፊርማዬ ያለበትን ወረቀት ዛሬ ትቀበላላችሁ። ሰኞ ፈቃዱ ይታደስ። አይ፣ ‹እንመለከተዋለን› አይደለም፤ ስምሽን ንገሪኝና እዚህ ልጻፈው። አመሰግናለሁ።» ወረቀቱን የዴስ መኪና ኮፈን ላይ አስደግፋ ጻፈች፣ ፈረመች፣ አንዱን ቅጂ ለቴቪታ ሰጠችው። እሱ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ በራሱ ቋንቋ ለሚስቱ ጥቂት ቃል ተናገረ። ከወዲያ የመጣውን ለቅሶ ሁሉም ሰሙት።

ሎሬይንን ከኋላ ወንበር አስቀመጧት። ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ልትከድን ስትል ቴቪታ መጥቶ ጎንበስ አለ። ኖላ የመኪናውን ቁልፍ ይዛ ቆመች፤ አላቋረጠችውም።

«ይቅር በለኝ» አለችው ሎሬይን።

ቴቪታ አያት። ፊቱ ላይ ንዴት ይፈለግ ቢባል ይገኛል፤ እሱ ራሱ ግን ሊያወጣው አቅም ያጣ ይመስል ነበር።

«ይቅር እላለሁ፣ እትዬ ሎሬይን» አላት። «ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ሰው ነኝ፤ ማለቴ አይቀርም። ዛሬ ግን አይደለም። ዛሬ ደክሞኛል።»

ሎሬይን ራሷን ነቀነቀች። በሁለት ቀን ውስጥ ከተነገራት ሁሉ በደንብ የገባት ይሄ ብቻ ነበር። ኖላ ገብታ በሩን ዘጋች፤ የፊት መስኮቶቹን ዝቅ አድርጋ መኪናውን አስነሣች። የከተማዋን ድልድይ ሳይሻገሩ ሎሬይን ተኝታ ነበር።